የሰማይ ላም ሒሳብ

ሻርጃ ነው፤ ሳጃ ሰፈር፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካው ጀርባ፣
እኩለ ሌሊት አልፎ እንኳ ሙቀቱ ያው ነው፣ አርባ።
ኤሲው ያስላል፤ ከሥሩ ባልዲ ጥደንለታል፣
በታችኛው አልጋ ፍራሹ ተገልብጦ ካርታ ተደርድሮበታል።
መደባችን ክዳን ነው፣ የውሃ ጠርሙስ፤
አንዱ በአንድ ድርሃም፣ ደመወዝ ሲደርስ
ሊቆረጥ ከእያንዳንዳችን።
ሲደርስ ነው እንግዲህ። ይኸው አምስተኛ ወራችን።

ሸምሱ ክሬን ነጂው ሃያ ክዳን ገፋ፣
ባዩልኝ ካርታውን ጥሎ ትራሱ ላይ ተደፋ።
ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።
መሐል ላይ ስልሳ ሆኗል፤ ሃያ ይጠበቅብኛል፤ ይህ አላስቸገረ።
እጄ ላይ ሁለት ቀይ ልብ፣ ፍራሹ ላይ ሁለት፤
አንድ ልብ ይጎድለኛል፣ አንድ ካርታ ቀርታለች የምትከፈት።

ወልቂጤ ሒሳብ ሳስተምር፣ ጠመኔ ስጨብጥ፣
የማይታወቀውን ኤክስ ብዬ ነበር የማስቀምጥ።
ዛሬም ልማድ ነው፣ እቆጥራለሁ፦
ያላየሁት አርባ ስድስት፣ ከዚያ ዘጠኝ ልብ እጠብቃለሁ።
ሠላሳ ሰባቱ ይጥለኛል፣ ዘጠኙ ያነሣኛል፤
አንዴ ለማግኘት አራቴ ማጣት ይጠይቀኛል።
ሃያ አውጥቶ ስልሳ፣ አንድ ለሦስት ዋጋው፤
ሰማንያ ሁለት ካልሞላ አያዋጣም፣ ይበልጣል አደጋው።
ሃያ ሁለት ጎደለ።
እሱስ የት አለ?
መሐል ላይ የለም። ሸምሱ ጉልበት ሥር ነው፣ ከክምሩ፤
ልቧ መጥታ ብገፋ ይከተል እንደሆን፣ ይህ ነው ነገሩ።
ገና ያልወጣ ገንዘብ፣ ገና ያልተሠራ ስሕተት፣
በሰው ጠባይ ላይ የተጻፈ ዕዳ፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ ምስክርነት።

ባዩልኝ ከትራሱ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፦ «አሃ!
ላም አለኝ በሰማይ በለኛ። ወተቷም ውሃ።»

ከፊል እውነት አለው። ግን የሰማይም ላም ላም ናት፤
ጥያቄው በማን በረት እንዳደረች ነው፣ ማን እንደሚያልባት።
ሸምሱን አውቀዋለሁ። ሁለት ንጉሥ ከያዘ በራሱ ክሬን አይነሣም፤
ተበልቶም ይከፍላል፣ ተበድሮም አይረሳም።
ሦስተኛ ልብ ፍራሹ ላይ ሲያይ ሊሰጋ ይችላል፤
ቢሆንም ሃያ ሁለት ምን አላት? ይከተላል።

እጄ ክዳኑ ላይ ደርቆ ቀረ።
አምስት ወር ሙሉ ለካ ሌላ መደብ ነበረ፣
እኔ የገፋሁበት፤ በየወሩ ሠላሳ ሌሊት፣
የሰው ብረት ስጠብቅ፣ መጋዘን ደጅ ቆሜ፣ በባትሪ መብራት።
«አሁን ከሄድክ የኋላው ቀረ» ይላል ቢጁ፣ የቢሮው ጸሐፊ፤
«ቡክራ» ነው ሁልጊዜ ቃሉ፤ ከፋይ ሳይሆን አሳላፊ።
ለደላላ የሰጠሁት ቀድሞ መሐል ገብቷል፣ አይመለስም፤
የሄደ ገንዘብ የእኔ አይደለም እላለሁ ለሰው፣ ራሴ ግን አልማርም።
ለሸምሱ ሃያ ሁለት ክዳን ይህን ያህል ስመረምር፣
ይከፍላል ወይ ስል፣ ጠባዩን ስቀንስ ስደምር፣
ለዚያኛው አንድ ቀን አልጠየቅሁም፤
ልቧ ብትመጣ እንኳ ከማዶ የሚከፍል ሰው መኖሩን አላየሁም።

ሃያውን ገፋሁ። ሸምሱ ገለጠ።
የልብ ሰባት። ቀይ፣ ጥጉ የተላጠ።
ሠላሳ ጨመርኩ። አየኝ፣ ጢሙን አሸ፣
ንጉሦቹን አየ፤ አልሸሸ።
ቆጥሮ ሰጠኝ። ልክ ነበር ድምሩ።
ባዩልኝ ተነሥቶ ደብተር ላይ ጻፈው፣ ከእነ ቀኑ፣ ከእነ ወሩ፦
«ሸምሱ ይከፍላል። ደመወዝ ሲደርስ።»
ከፊቴ የተቆለለው ሰማያዊ፣ ቀላል ነው፣ እንደ ባዶ ጠርሙስ።

«ወደ ሥራና ሠራተኛ ቢሮ የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?» አልኩ።
«አሥራ ሁለት ከሩብ» አለ ሸምሱ፣ ካርታውን እየበወዘ።
ባዩልኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ፦ «ትኬቱ ሰባት ድርሃም ነው።
ክዳን አይቀበሉም።»